የሚመለስበት ቀን የነበረው ሥዕል

በጋይንት፥ በስማዳና በእስቴ አገር የሚኖር ገበሬ ሥዕል ማየትን የተማረው በቤተ ክርስቲያን ነው። ፊደል ያልቈጠረው ምእመን በበዓል ቀን ወደ ክቡ ቤተ ክርስቲያን ገብቶ በመቅደሱ ግድግዳ ዙሪያ ሲሄድ፥ በአንዱ ወገን እመቤታችንን ከተወደደ ልጅዋ ጋራ፥ በአንዱ ወገን ቅዱስ ጊዮርጊስን በነጭ ፈረሱ ላይ፥ በአንዱ ወገን ደግሞ ስቅለቱን ያያል፤ ካህኑ በቃል ያስተማረውንም በዐይኑ እየተከተለ ያጠናዋል። በዚህ ዐይነት ትምህርት ሥዕሉ በስፍራው ይቆማል፥ የሚዞረው ሰው ነው። ከ130 ዓመት ገደማ በፊት በፈረንጅ አገር የተፈለሰፈው ተንቀሳቃሽ ሥዕል ግን ይህን ሥርዓት ገለበጠው፤ ሰው በስፍራው ተቀመጠ፥ የሚሮጠው ሥዕሉ ሆነ።

ስለዚህ ብልሃት ታሪክ የሚጽፉ ሰዎች ብዙውን ጊዜ የሚያወሱት ፊልም ሠሪዎችን ነው፤ ወይም ፊልም የሚከለክሉትን ባለሥልጣኖች ነው። ከሁለቱም ወገን ያልሆነው ሰው፥ ማለት በሲኒማ ፍቅር ያልነደደ፥ ሲኒማንም የማይጠላ፥ የቀን ሥራውን ጨርሶ ማታ ባጋጣሚ የሚያይ ጸሓፊ፥ መምህር፥ ነጋዴ ወይም ቄስ በታሪኩ ውስጥ ስፍራ አላገኘም። ይሁን እንጂ ሥዕሉን ወደ ቤቱ ያስገባው እርሱ ነው። የዚህም ሰው ታሪክ ከሁሉ ይልቅ ጐልቶ የሚታየው የቪዲዮ ካሴት ያከራዩ በነበሩ ትንንሽ ሱቆች ውስጥ ነው። ሱቆቹ ብዙ ዕድሜ አላገኙም። ነገር ግን በዚያ አጭር ዘመን፥ ከዚያ በፊት ያልነበረ ከዚያም በኋላ ያልቀጠለ አንድ ነገር ሆነ፤ ሥዕሉን የመምረጥ ሥልጣን በቤተ ሰብ እጅ ገባ፤ ሥዕሉም ወደ መጣበት የሚመለስበት የታወቀ ቀን ነበረው።

ይህ ነገር ምን ያህል አዲስ እንደ ነበረ ለማወቅ ወደ መጀመሪያው መመለስ ያስፈልጋል። የፈረንሳይ ሰዎች የሆኑት ወንድማማቾቹ ሉሚዬር በፓሪስ ከተማ ገንዘብ ለከፈለ ሕዝብ ተንቀሳቃሽ ሥዕል ያሳዩት በታኅሣሥ ወር 1888 ዓ.ም.፥ ከዐድዋ ድል ሁለት ወር ቀደም ብሎ ነው። ከጥቂት ዓመታት በኋላም መሣሪያው ወደ ዳግማዊ ዐፄ ምኒልክ ቤተ መንግሥት ደረሰ። ንጉሠ ነገሥቱ ስለ አዲስ ብልሃት ሁሉ መጠየቅን የሚወዱ ስለ ነበሩ በደስታ ተመለከቱት። እንግዲህ በአገራችን ሥዕሉን አስቀድሞ የመረጠው ንጉሡ ነው፤ የተመለከቱትም በግቢው የተፈቀደላቸው ብቻ ናቸው። ኋላ ግን በአዲስ አበባ ለገንዘብ የሚታይበት አዳራሽ በተከፈተ ጊዜ ሕዝቡ ቤቱን «የሰይጣን ቤት» ብሎ ሰየመው።

ይህን ስም ሰምቶ የዚያን ዘመን ሰው እንደ አላዋቂ ቈጥሮ መሳቅ ቀላል ነው። ነገር ግን በጨለማ ቤት ውስጥ በስፍራው የሌለ ሰው ሲራመድ፥ ሞቶ የተቀበረውም ሲስቅ ማየት ማንንም ቢሆን ሊያስደነግጥ የሚችል ነገር ነበረ። ደግሞም በስሙ ውስጥ አንድ ብርቱ ጥያቄ ተሰውሯል፤ ይህን ሥዕል የሚያሳየው ማን ነው? ተመልካቹንስ ወዴት ሊወስደው ነው? መልሱ በየዘመኑ ተለዋወጠ እንጂ ጥያቄው እስከ ዛሬ አላረጀም።

በ1928 ዓ.ም. አገራችንን የወረረው የፋሽስት መንግሥት ለዚህ ጥያቄ የራሱ መልስ ነበረው። ወደ ጦርነቱ ሲመጣ ከመድፉና ከመርዙ ጢስ ጋራ ፊልም የሚያነሡ ሰዎችን አሰልፎ ነበረ፤ ያነሡትንም ሥዕል ለገዛ ሕዝቡ መመኪያ አደረገው። በያዛቸውም ከተሞች፥ በአዲስ አበባ፥ በአሥመራና በጎንደር ሲኒማ ቤቶችን ሠራ። ነገር ግን የዘር ልዩነት ሕግ ስላወጣ ባለ አገሩና ነጩ ጐን ለጐን ተቀምጠው እንዲያዩ አይፈቀድም ነበር። ከጋይንት ወይም ከእስቴ ተነሥቶ ለጕዳይ ጎንደር የወጣ ሰው የሲኒማውን ደጅ አይቶ ያልፍ ይሆናል እንጂ፥ ቤቱ ለእርሱ የተሠራ አልነበረም። ሥዕሉን የመረጠው ድል አድራጊው ነበረ።

ነጻነት ከተመለሰ በኋላ የአዲስ አበባ ሲኒማ ቤቶች ለከተማው ሕዝብ ሁሉ ተከፈቱ፤ ሲኒማ ኢትዮጵያ፥ ሲኒማ አምፒርና ሲኒማ አምባሳደር እስከ ልጅ ልጅ የሚወሱ ስሞች ሆኑ። ጥቅምት 23 ቀን 1957 ዓ.ም.፥ በቀዳማዊ ኀይለ ሥላሴ የዘውድ በዓል ቀን፥ የኢትዮጵያ ቴሌቪዥን ሥራውን ጀመረ። በዚያው ዘመን «ሂሩት አባቷ ማን ነው» የተባለው የመጀመሪያው ረዥም የአማርኛ ፊልም ተሠርቶ ታየ። ቢሆንም በአዳራሹ የሚታየውን የሚመርጥ ነጋዴው ነው፤ ነጋዴው የመረጠውንም ሳንሱር ይቈርጠዋል፤ በቴሌቪዥኑም መንግሥት የፈቀደው ብቻ ይታያል። ከተማረው የከተማ ሰው በቀር ይህን የሚያይ ጥቂት ነበረ፤ ከጉና ተራራ ወዲያ ላለው ገበሬ ግን ሲኒማም ቴሌቪዥንም ወሬ ብቻ ነበሩ።

ይሁን እንጂ ሥዕሉን የማያየው ሕዝብ ራሱ በሥዕሉ ውስጥ ይገባ ጀመር። በ1966 ዓ.ም. መጀመሪያ ጆናታን ዲምብልቢ የሚባል የእንግሊዝ ጋዜጠኛ በወሎ የነበረውን ረኀብ በፊልም አንሥቶ በአገሩ ቴሌቪዥን አሳየ። ዓመቱ ሳይሞላ፥ መስከረም 1 ቀን 1967 ዓ.ም. ማታ፥ ደርግ ያንኑ ፊልም ከቤተ መንግሥቱ ግብር ሥዕል ጋራ እያፈራረቀ በኢትዮጵያ ቴሌቪዥን አሳየው፤ በማግሥቱም ንጉሠ ነገሥቱ ከዙፋናቸው ወረዱ። መንግሥቱን የገለበጠው ፊልሙ ብቻ አይደለም፤ ነገር ግን ለመገልበጡ ልቡናን ያዘጋጀው እርሱ እንደ ነበረ የዘመኑ ታሪክ ይመሰክራል። በጥቅምት ወር 1977 ዓ.ም. ደግሞ የኬንያው ተወላጅ ሞሐመድ አሚን በኮረም ያነሣው ሥዕል በቢ ቢ ሲ ታይቶ ዓለምን አስለቀሰ፤ በዚያው ዓመት በሐምሌ ወር በሎንዶንና በፊላዴልፊያ የታወቁ ዘፋኞች ተሰብስበው ለተራበው ሕዝብ ገንዘብ አሰባሰቡ።

ጋይንትና ስማዳ የወሎ ድንበርተኞች ናቸው፤ ዝናም ሲቀር የሚደርስባቸውም ከወሎ የተለየ አይደለም። የዚያ ደጋ ሕዝብ በዓለም መስኮት ሁሉ ሲታይ፥ እርሱ ግን መስኮቱን አይቶት አያውቅም ነበር። ሌላው መርጦ አነሣው፤ ሌላው መርጦ አሳየው፤ ሌላው አይቶ አዘነለት። ርዳታው ነፍስ ማዳኑ አይካድም። ነገር ግን መታየት እንጂ ማየት ያልተሰጠው ሰው በሥዕሉ ላይ ምንም ሥልጣን የለውም፤ ይህ ነገር ከታሰበ፥ አንድ ተራ ተመልካች ወደ ሱቅ ገብቶ «ዛሬ ማታ ይህን እንይ» ብሎ መምረጡ ትንሽ ነገር እንዳልሆነ ይታወቃል።

ይህን የምርጫ ሥልጣን ያመጣው በጃፓን የተሠራ የፕላስቲክ ሣጥን ነው። ሶኒ የተባለው ኩባንያ በፈረንጅ አቈጣጠር በ1975 ቤታማክስ የሚባለውን፥ ጄ ቪ ሲ ደግሞ በ1976 ቪ ኤች ኤስ የሚባለውን የቪዲዮ ካሴት አወጡ። ሁለተኛው ብዙ ሰዓት ስለሚይዝና ሌሎች ፋብሪካዎችም እንዲሠሩት ስለ ተፈቀደ ውሎ አድሮ አሸነፈ። በ1977 ጆርጅ አትኪንሰን የሚባል አሜሪካዊ በሎስ አንጀለስ ከተማ ካሴት ገዝቶ በቀን ኪራይ ለሰው መስጠት ጀመረ። የሆሊውድ ባለሀብቶች በዚህ ቴክኒክ ተቈጡ፤ በቤቱ ከቴሌቪዥን የሚቀዳ ሰው ንብረታችንን ይሰርቀናል ብለውም ሶኒን ከሰሱ። የአሜሪካ ከፍተኛው ፍርድ ቤት ግን በ1984፥ አምስት ዳኞች ከአራት በልጠው፥ አንድ ሰው በቤቱ በሌላ ሰዓት ለማየት ብሎ ቢቀዳ ሕግ አላፈረሰም ሲሉ ፈረዱ። ክስ ያቀረቡት ኩባንያዎችም ኋላ ከሲኒማ አዳራሽ ይልቅ ከካሴት የሚያገኙት ትርፍ በለጠ።

ወደ ኢትዮጵያ ካሴቱ የገባው በደርግ ዘመን፥ ከውጭ አገር በሚመለሱ ሰዎች ሻንጣ ነው። በዚያን ጊዜ የግል ሲኒማ ቤቶች ተወርሰው በመንግሥት እጅ ነበሩ፤ በ1978 ዓ.ም. የተቋቋመው የኢትዮጵያ ፊልም ኮርፖሬሽንም ፊልም የማስመጣቱንና የማከፋፈሉን ሥራ ይዞ ነበር። ካሴቱ ግን በእጅ የሚያዝ ትንሽ ነገር ስለ ሆነ፥ መንግሥት በዘጋው በር ሳይሆን በመስኮቱ ገባ። የደርግ መንግሥት ከወደቀ በኋላ፥ በ1980ዎቹ ዓመታት፥ በአዲስ አበባ በየሰፈሩ፥ ከዚያም በክፍለ አገሩ ከተሞች የካሴት ማከራያ ሱቅ በዛ። ከወረታ ተነሥቶ በደብረ ታቦር፥ በነፋስ መውጫና በጨጨሆ አልፎ ወልድያ የሚደርሰው፥ በቻይና ርዳታ ተሠርቶ በ1975 ዓ.ም. ገደማ ያለቀው አውራ መንገድ እህልና ጨው ብቻ የሚጓዝበት አልነበረም። ካሴትም በዚሁ መንገድ ተጓዘ። የስማዳው ወገዳና የእስቴው መካነ ኢየሱስ ከአውራው መንገድ ወጣ ያሉ በመሆናቸው ሁሉ ነገር ዘግይቶ ይደርሳቸዋል፤ የደረሳቸው ግን ያው ነው።

የኪራዩ ሥርዓት ቀላል ነበረ። ተከራዩ ስሙን በደብተር ያስጽፋል፤ መታወቂያውን ወይም ገንዘብ በመያዣ ያስቀምጣል፤ የአንድ ሌሊት ዋጋ ከፍሎ ካሴቱን በጋዜጣ ጠቅልሎ ወደ ቤቱ ይሄዳል። ዴክ የሌለው ዴኩንም አብሮ ይከራያል፥ ወይም ካለው ጎረቤት ቤት ይሰበሰባል። በማግሥቱ ፊልሙን ወደ መጀመሪያው አጠንጥኖ ይመልሳል፤ ካላጠነጠነ ባለሱቁ ይቈጣል፤ ካዘገየ የሌላ ቀን ዋጋ ይከፍላል። ብዙ ጊዜ የሚጠየቀው የህንድ ፊልም ነው፤ ዘፈኑና ልቅሶው የተቀላቀለ፥ የእናትና የልጅ ፍቅር የበዛበት ስለ ሆነ፥ ቋንቋውን የማያውቅ እናትና አባት እንኳ ከልጆቻቸው እኩል ይከታተሉታል። የሰርግ ቪዲዮም ከቤት ወደ ቤት በውሰት ይዞር ነበር፤ በውጭ አገር የተዳረ ልጅ ሰርጉን በካሴት ሲልክ፥ ዘመድ ሁሉ ተሰብስቦ እንደ ተጠራ ሰው እልል ይላል።

በዚህ ሥርዓት ውስጥ ማንም ሳያስበው ሦስት መልካም ነገሮች ተገኙ። አንደኛው ምርጫ ነው፤ አባት ወይም እናት በሱቁ መደርደሪያ ፊት ቆመው፥ ይህ ለልጆች ይሆናል፥ ይህ አይሆንም፥ ይህ ለጾም ሰሞን አይገባም ብለው ይለዩ ነበር። ሁለተኛው ኅብረት ነው፤ ካሴቱ አንድ፥ መስኮቱ አንድ ስለ ሆነ ሁሉ አብሮ ያያል፤ የሚያሳፍር ነገር በመጣ ጊዜ ሁሉ አብሮ ያፍራል፤ ታሪኩ ካለቀ በኋላም ቡና እየተጠጣ ክፉው ሰው ስለ ምን እንደ ከፋ ክርክር ይነሣል። ሦስተኛው ልክ ነው፤ ካሴቱ ነገ ስለሚመለስ ማየቱ ያልቃል። መታወቂያው በሱቅ ተይዞ ሳለ ማንም ሰው በተከራየው ሥዕል ውስጥ ሊኖር አይችልም።

እውነት ነው፥ በዚያው ዘመን ሌላ ቤትም ነበረ። በየከተማው የተከፈተው ቪዲዮ ቤት መስኮቱን በጨርቅ ጋርዶ፥ አግዳሚ ወንበር ደርድሮ፥ የተኩሱን ድምፅ በድምፅ ማጕያ ወደ መንገድ እየለቀቀ ተማሪውን ከትምህርት ቤት ደጅ ይጠራው ነበር። በኋላም የእንግሊዝ እግር ኳስ የሚታይበት ሆነ። ወላጅና መምህር በቪዲዮ ቤት አብዝተው አማረሩ፤ በብዙ ከተሞች ባለሥልጣኖች ከጫት ቤትና ከሺሻ ቤት ጋራ ደምረው አሸጉት። ክሱ ያለ ምክንያት አልነበረም። ነገር ግን በቪዲዮ ቤቱና በኪራይ ቤቱ የሚታየው ካሴት ብዙ ጊዜ አንድ ነው፤ የሚለያዩት በዙሪያው ባለው ነገር ነው። በአንደኛው ልጅ ከአባቱ ጐን ተቀምጦ ያያል፤ በሁለተኛው ከማያውቀው ሰው ጐን በጨለማ ተቀምጦ ያያል። «የሰይጣን ቤት» ብሎ የሰየመው የጥንቱ ሕዝብም ስሙን የሰጠው ለቤቱ ነበረ።

በሌላ በኩል አንድ ጕድለት በሁለቱም ቤት ነበረ። የሚከራየው ፊልም ሁሉ ማለት ይቻላል የሰው አገር ነበረ። የሰው ወርቅ አያደምቅ እንደ ተባለ፥ የህንዱ ሰርግና የአሜሪካው ጦርነት ዐይንን ቢያስደስቱም የጋይንትን ሰው ለራሱ አላሳዩትም። በዚህ ነገር የጎንደር ተወላጅ የሆኑት የፕሮፌሰር ኀይሌ ገሪማ ታሪክ ሊነገር ይገባዋል። አባታቸው ገሪማ ታፈረ «ጎንደሬ በጋሻው» የተባለውን መጽሐፍ የጻፉ አርበኛና ደራሲ ነበሩ። ልጃቸው ወደ አሜሪካ ሄደው ሲኒማ ተማሩ፤ «ምርት ሦስት ሺህ ዓመት» የተባለውንም የገበሬና የባላባት ፊልም በ1966 ዓ.ም. በአገራቸው አነሡ። በፈረንጅ አቈጣጠር በ1993 ስለ ባርነት «ሳንኮፋ» የተባለ ፊልም ባወጡ ጊዜ ግን የአሜሪካ ፊልም አከፋፋዮች አልቀበል አሉ። እርሳቸውና ባለቤታቸው ሺሪኪያና አይና በየከተማው አዳራሽ እየተከራዩ ፊልሙን ራሳቸው ለሕዝብ አሳዩት፤ ቀጥለውም በዋሽንግተን ከተማ፥ በሃዋርድ ዩኒቨርሲቲ ፊት ለፊት፥ ቪዲዮና መጽሐፍ የሚገኝበት ሱቅ ከፈቱ፤ ስሙንም ሳንኮፋ አሉት። ቃሉ የጋና የአካን ሕዝብ ቃል ነው፤ ተመልሶ የተረሳውን ማንሣት ማለት ነው።

ትልልቆቹ ነጋዴዎች በር ሲዘጉ፥ የጎንደሩ ሰው ከተመልካቹ ጋራ የተገናኙት በቪዲዮ ሱቅ ጠረጴዛ ላይ መሆኑ ልብ ሊባል ይገባል። በ2008፥ በእኛ 2000 ዓ.ም. ማለቂያ፥ በጣና ዳር ያለ መንደር የሚታይበትን «ጤዛ» የተባለውን ፊልም በቬኒስ አሳይተው የዳኞችን ልዩ ሽልማት፥ በማግሥቱም ዓመት በቡርኪና ፋሶ በሚደረገው የአፍሪካ ፊልም በዓል ታላቁን ሽልማት ተቀበሉ። በ1993 አከፋፋይ ያጣው «ሳንኮፋ»ም በ2021 በኔትፍሊክስ በኩል ለዓለም ሕዝብ ታየ።

በአገር ውስጥም ቪዲዮ ያልታሰበ ፍሬ አፈራ። ውድ የሆነውን የሲኒማ ጥሬ ፊልም መግዛት ያልቻሉ ወጣቶች በቪዲዮ መሣሪያ የአማርኛ ታሪክ ማንሣት ጀመሩ፤ ከ1995 ዓ.ም. ገደማ ጀምሮም እንደ «ቀዝቃዛ ወላፈን» ያሉት ፊልሞች በሲኒማ ቤት ደጅ ሰልፍ አስያዙ። የቅጂ መብትን የሚጠብቀው ዐዋጅ ቍጥር 410 በ1996 ዓ.ም. ወጣ። ነገር ግን በዚያው ዘመን ካሴት በሲዲ ተተካ፤ ሲዲ ደግሞ በጥቂት ደቂቃ የሚገለበጥ፥ ዋጋውም የረከሰ ነው። መግዛት ከመከራየት ከረከሰ፥ ማን ይከራያል? ማከራያ ሱቆቹ አንድ በአንድ ወደ ሲዲ መሸጫነት፥ ወይም ወደ ሌላ ንግድ ተለወጡ። በውጭውም ዓለም የሆነው ያው ነው። በ2004 ከ9,000 በላይ ሱቆች የነበሩት ብሎክባስተር የተባለው የአሜሪካ አከራይ በ2010 ከሰረ፤ የቪ ኤች ኤስ ዴክ ይሠራ የነበረው የመጨረሻው የጃፓን ፋብሪካ በ2016 ሥራውን አቆመ፤ ዲቪዲ በፖስታ በማከራየት የጀመረው ኔትፍሊክስም ይህን ሥራውን በ2023 ዘጋ።

ከዚያ ወዲህ ሥዕሉ ከሳሎን ወደ እጅ መዳፍ ወረደ። በ2008 ዓ.ም. የተከፈተው ቃና ቴሌቪዥን የቱርክን ተከታታይ ታሪክ በአማርኛ አናግሮ በሳተላይት ዲሽ ወደ ቤቱ ሁሉ አስገባ። በገበያ ቀን ከገጠር የመጣው ወጣትም ስልኩን ለባለሱቅ ሰጥቶ በሚሞሪ ካርድ ፊልም ያስጭናል፤ ያስጫነውም የሚመለስ አይደለም። በ2015 ዓ.ም. ማለቂያ ገደማ በአማራ ክልል የተንቀሳቃሽ ስልክ ኢንተርኔት ተቋርጦ ለብዙ ወራት በቈየ ጊዜ፥ በመስመር የሚመጣው ሥዕል ሲጠፋ በካርድ የተጫነው ከባለቤቱ ጋራ ቀረ። እንግዲህ ንጉሡ፥ ድል አድራጊው፥ ሳንሱሩና አባት በየተራ የያዙት የመምረጥ ሥልጣን በመጨረሻ በአሥራ ሁለት ዓመት ልጅ እጅ ገባ፤ እርሱም ብቻውን፥ ማንም ሳይጠይቀው፥ ማለቂያ የሌለውን ሥዕል ያያል። ውሃ እያሳሳቀ ይወስዳል የተባለው እንዲህ ላለው ነው።

አንዳንድ ሰዎች ይህን ነጻነት ነው ይላሉ፤ እውነትም አላቸው። ደሀው የጋይንት ልጅ ዛሬ በስልኩ የዩኒቨርሲቲ ትምህርት፥ የአባቶችን ስብከት፥ የሩቅ አገርን ኑሮ ማየት ይችላል፤ አያቱ ይህን አላገኙም። ደግሞም የኪራዩን ዘመን እንደ ገነት መቍጠር አይገባም፤ በሱቆቹ ጓዳ በምስጢር የሚከራይ ነውረኛ ካሴት ነበረ፤ በቤቱም ውስጥ ለራሱ እንጂ ለልጆቹ የማይመርጥ አባት ነበረ። ነገር ግን ምርጫ ያለ ልክ ከሆነ ምርጫነቱ ይቀራል፤ የሚቀርበው ሳያልቅ ሌላው ስለሚከተል፥ ተመልካቹ የመረጠ ይመስለዋል እንጂ የሚመርጥለት ሌላ ነው። ይህም የሰይጣን ቤት የተባለው አዳራሽ ካስነሣው ጥያቄ ጋራ መልሶ ያገናኘዋል።

ለዚህ ጥያቄ መልስ ፍለጋ ከጋይንት ርቆ መሄድ አያስፈልግም። የድጓ ማስመስከሪያ የሆነችው ቤተ ልሔም በዚያው በጋይንት ምድር ናት። የቅዱስ ያሬድ ድጓ ብዙ ዓመት የሚጠና ሰፊ ባሕር ነው፤ ሆኖም ከዓመቱ ቀን ያልተመደበለት መዝሙር የለም። የዮሐንስ መዝሙር በዮሐንስ፥ የፋሲካው በፋሲካ ይባላል፤ ዐቢይ ጾም ሲገባ ከበሮው ይቆማል፥ ጸናጽሉም ዝም ይላል፤ እንዲህ በመሆኑ ትንሣኤ ሲደርስ የከበሮው ድምፅ አዲስ ሆኖ ይሰማል። የድጓ ተማሪም መጽሐፍ ሲዋስ ከመምህሩ ተቀብሎ፥ በእጁ ገልብጦ፥ በቃሉ አጥንቶ ይመልሳል፤ መጽሐፉ ሲመለስ ትምህርቱ በልቡ ይቀራል። የብራና መጻሕፍት በመጨረሻ ቅጠላቸው ላይ ሰርቆ ያስቀረውን የሚያወግዝ ቃል የሚጻፍባቸውም፥ የተዋሱትን መመለስ የሃይማኖት ነገር ስለ ሆነ ነው።

ከዚህ የተነሣ የቪዲዮ ኪራይ ሱቅ ያስተማረው ነገር ለቤተ ክርስቲያን ልጆች እንግዳ አልነበረም፤ ሱቁ ለንግድ ያደረገውን ሥርዓት አባቶች አስቀድመው ለነፍስ ሠርተውት ነበር። ሱቁ ቢዘጋም ሥርዓቱ አብሮ መዘጋት የለበትም። የቤት አባት ስልኩን ከልጁ ነጥቆ ቢደብቅ ልጁ ከጎረቤት ልጅ ስልክ ያያል፤ ነገር ግን በሳምንት አንድ ማታ ቀጥሮ፥ አንድ ፊልም ከልጆቹ ጋራ መርጦ፥ አብሮ አይቶ፥ ካለቀ በኋላ ቢጠያየቅበት፥ ምርጫው፥ ኅብረቱና ልኩ ተመልሰው ይመጣሉ። የንስሐ አባትም ስለ ጾም ሲጠይቅ ስለ አፍ ብቻ ሳይሆን ስለ ዐይን ጾም ቢጠይቅ አዲስ ሕግ አላወጣም፤ የቀደመውን አስታወሰ እንጂ። የሰንበት ትምህርት ቤቶችም የመሣሪያው ዋጋ በረከሰበት በዚህ ዘመን የቤተ ልሔምን የድጓ መምህራን ድምፅና መልክ፥ የዙር አባን ዝማሬ መዋሥዕት፥ የስማዳንና የእስቴን ሽማግሌዎች ትዝታ በሥዕል ቢያስቀሩ፥ በ1977 ዓ.ም. በሌላ ሰው መሣሪያ ለዓለም የታየው የዚያ ደጋ ሕዝብ በራሱ ልጆች እጅ ራሱን ያያል።